«ተቀበል» የማይባልበት ሣቅ

ቀልድ በዜማ ሲታጀብ ከተራ ንግግር ይልቅ ወደ ልብ ይዘልቃል። ሁለት ስመ ጥር ተዋንያን፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ፣ ተመልካቹን ሲያዝናኑ በመካከላቸው የሚወረወረው ቃል ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥንድ እየቀረቡ የስንቱን ቤተ ሰብ ምሽት እንዳደመቁ የሚዘነጋ አይደለም። ሆኖም ኪነ ጥበብ በሰፊው ሕዝብ ፊት ኃላፊነት አለበት ካልን፣ አንድ ጥያቄ መነሣት ይኖርበታል፤ የምንሥቀው ከማን ጋር ነው? በማንስ ላይ?

ጥያቄውን ከለገጣፎ ሆኖ መመልከት ይበጃል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበቡ ናቸው። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። መዲናይቱ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ውኃ ትጠጣለች፤ ከሱሉልታ ወተት ይመጣላታል። በቀልድ መድረክ ላይ ግን ከዚህ አካባቢ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አማርኛው ሲሰባበር ነው። ይህ የአንድ ተዋናይ ጥፋት ሳይሆን የቆየ ልማድ ነው። አማርኛው የሚሣቅበት ሰው ሁለት ቋንቋ ያውቃል፤ የሚሥቅበት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ።

«ቀልድ ነው፤ ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። በእርግጥም አዝማሪ በማሲንቆው ጌታውንም ሎሌውንም ሲሸነቁጥ ኖሯል። ነገር ግን በአዝማሪ ቤት የተነካው ሰው እዚያው ተቀምጧል፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም፣ በራሱ ላይ የተነገረ ቢሆን እንኳ፣ ተቀብሎ ያዜመዋል። የሣቁ ሚዛን የሚጠበቀው በዚህ መልስ ነው። በ1957 ዓ.ም. በአገራችን ሥርጭቱን የጀመረው ቴሌቪዥን ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። ለገጣፎ ውስጥ ከልጆቹ ጋር የተቀመጠ አባት የራሱ አነጋገር መሣቂያ ሲሆን ቢያይ፣ «ተቀበል» የሚለው ማንን ነው? ምናልባት አብሮ ይሥቅ ይሆናል። በማግሥቱ ልጁ በትምህርት ቤት በአባቱ ቋንቋ ለመናገር ቢያፍር ግን የዚያን ሣቅ ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ይህ ማለት አነጋገርን መኮረጅ ይከልከል ማለት አይደለም፤ ክልከላ ጥበብን ያደኸያል። መለኪያው፣ የተኮረጀው ሰው በዚያው ትርኢት ውስጥ የመመለስ ዕድል አለው ወይ የሚለው ነው። የገበሬው አማርኛ ሲያሥቅ የከተሜው ደላላ ተንኮልም ያሥቅ፤ ገበሬው በኦሮምኛ ሲመልስለት ግራ የሚጋባው ደላላው ይሁን። ሁለት ሆኖ መጫወት ለዚህ የተመቸ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው መልስ ይሰጣልና። ከያኒው በመድረኩ፣ መምህሩም በክፍሉ ከመሣቁ በፊት ያንን መልስ ሊጠብቅ ይገባል።