ሀዋሳ ላይ የተቆጠረው ድምፅ

ከ177 ሰዎች 176ቱ አንድ ሰው ሲመርጡ ምን እንበል? ከልብ ተስማሙ? ፈሩ? ወይስ ቀድሞ ያለቀውን ነገር አጸደቁ? ይህ ጥያቄ ከመስከረም 2011 ጀምሮ አልለቀቀኝም። በዚያ ወር ከ23 እስከ 25 ያኔ ገዥው ግንባር የነበረው ኢሕአዴግ 11ኛ ድርጅታዊ ጉባኤውን እዚሁ በምኖርባት ሀዋሳ አካሄደ፤ የግንባሩ ምክር ቤትም ዐቢይ አሕመድን በ176 ድምፅ ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ። ውጤቱ ሲነገር ብዙ ሰው ተደስቷል። እኔን ግን ከስድስት ወር በፊት የተሰማው ሌላ ቁጥር ያዘኝ። መጋቢት 18 ቀን 2010 የዚያው ግንባር ምክር ቤት እኚሁን ሰው ሲመርጥ ዐቢይ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 ድምፅ አግኝተው ነበር። ሽፈራው ለዓመታት ከዚህችው ከተማ ሆነው የደቡብ ክልልን የመሩ ሰው ናቸው። እና እነዚያ 61 ድምፆች የት ገቡ?

በመጀመሪያ ቀናውን መልስ ልመርምር አልኩ። በእነዚያ ስድስት ወራት ብዙ ነገር ተለውጧል፤ እስረኞች ተፈትተዋል፣ ከኤርትራ ጋር ሰላም ወርዷል፣ በስደት የነበሩ ተቃዋሚዎች ተመልሰዋል። በመጋቢት የተጠራጠረ ሰው በመስከረም አምኖ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አራቱ አባል ድርጅቶች ከሀዋሳው ጉባኤ በፊት የየራሳቸውን ጉባኤ አድርገው ብዙ ነባር አመራሮችን ስለሸኙ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ የመጋቢቶቹ አልነበሩም። ይህ መልስ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜም አሳርፎኝ ነበር።

ግን ሒሳቡን ስሠራው አልገጥም አለኝ። ምክር ቤቱ 180 አባላት ነበሩት፤ ከየድርጅቱ 45። ድምፅ የሰጡት 177 ከሆኑ የጎደሉት ሦስት ናቸው። ሦስቱም ከአራቱ አባል ድርጅቶች የአንዱ፣ የህወሓት ሰዎች ቢሆኑ እንኳ ከህወሓት ቢያንስ 42 ሰዎች ድምፅ ሰጥተዋል፤ ያፈነገጠውም አንድ ድምፅ የእነሱ ነው ብንል ቢያንስ 41ዱ ዐቢይን መርጠዋል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በዚያ ወቅት በለውጡ አካሄድ ምን ያህል ቅር እንደተሰኙ አገር ያውቀው ነበር። ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት ህወሓት አልገባም አለ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ። በመስከረም 2011 ሀዋሳ ላይ የተቆጠሩት 41 ድምፆች ስለ ሰጪዎቻቸው ልብ ምን ነገሩን? ምንም።

ጥርጣሬዬን ይበልጥ ያጠናከረው የምክትል ሊቀመንበሩ ውጤት ነው። በዚያው ስብሰባ፣ በእነዚያው ሰዎች፣ ደመቀ መኮንን በ149 ድምፅ ተመረጡ። ስለዚህ ያ አዳራሽ መለያየት አልጠፋበትም። ለሁለተኛው ወንበር ሲሆን የተለያየው ሐሳብ ለመጀመሪያው ወንበር ሲሆን ዝም አለ። ከዚህ በኋላ ጥያቄዬ ሰዎቹን ትቶ ወደ ደንቡ ዞረ።

ደንቡ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ይባላል፤ ምንጩ ሌኒን ነው። እስኪወሰን ድረስ ተከራከር፤ ከተወሰነ በኋላ አናሳው ለብዙኃኑ፣ የበታቹ አካል ለበላዩ ይገዛል፤ ከዚያ ወዲያ የተለየ ሐሳብ ይዞ መሰባሰብ አንጃነት ነው። ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ኮሙኒስት ነኝ ብሎ አያውቅም፤ ራሱን አብዮታዊ ዴሞክራት ይል ነበር። ይህን ደንብ ግን አልጣለውም። የመጣበትን መንገድ ስመለከት ደግሞ አንድ ነገር አስደነቀኝ፤ 1977 ዓ.ም. ሊጠባ ሲል አዲስ አበባ ላይ ደርግ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) መሠረተ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ በትግራይ በረሃ፣ ደርግን የሚዋጋው ህወሓት በውስጡ ማሌሊትን፣ የትግራይ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ሊግን መሠረተ። በጥይት የሚፈላለጉ ሁለት ኃይሎች በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ፓርቲ ሠሩ። በሁለቱም ፖሊት ቢሮ፣ ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ ሂስና ግለ ሂስ ነበሩ።

ኢሠፓ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደንቡ ጫፍ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ያሳየን እሱ ነውና። መሥራች ጉባኤው በጳጉሜን 1976 ተካሂዶ 136 ሙሉና 64 ተለዋጭ አባላት ያሉት ማዕከላዊ ኮሚቴ ወጣ፤ ከላዩም 11 ሙሉ አባላት ያሉት ፖሊት ቢሮ ተቀመጠ። ከ11ዱ ሰባቱ የደርግ ቋሚ ኮሚቴ ሰዎች ነበሩ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ፣ ፍስሐ ደስታ፣ ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ ብርሃኑ ባየህ፣ ለገሠ አስፋው፣ አዲስ ተድላ። እነሱን ማዕከላዊ ኮሚቴው መረጣቸው ወይስ እነሱ ማዕከላዊ ኮሚቴውን? ቅደም ተከተሉን ስመለከት መልሱ አያከራክርም። የደርግ ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969፣ ምክትል ሊቀመንበሩ አጥናፉ አባተ ደግሞ በኅዳር 1970 ሲገደሉ የዋና ጸሐፊው የመንግሥቱ ምርጫ አልቆ ነበር፤ የጳጉሜን ጉባኤ ያንን በጭብጨባ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ሀዋሳን ዋና ከተማው ላደረገው ለሲዳሞ ክፍለ ሀገርም የፓርቲው አንደኛ ጸሐፊ የሚመደበው ከላይ ነበር። የዚያን ዘመን ስብሰባ የተሳተፉ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ እንደሚሉት፣ እጅ አውጡ ሲባል ሰው አስቀድሞ የሚያየው አጠገቡ ያለው እጅ መውጣቱን ነበር።

ይህ ዋጋ አስከፍሏል። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ሚሊዮኖች ሊራቡ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። የመንግሥት ጉልበትና ገንዘብ ግን ለፓርቲው ምሥረታና ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሲውል፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ እያለቀ ነበር። ከላይ ለተቀመጠው ሰው “ይህ ልክ አይደለም” ማለት የሚቻልበት አንድ ወንበር በዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖር ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር? ይህን ሳስብ የድምፅ ቆጠራው ጉዳይ የወረቀት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና ያመኛል።

እዚህ ላይ ሌላ ጥርጣሬ ተነሣብኝ። ሁሉን የሚወስነው ደንቡ ከሆነ የመጋቢቱ 108 ለ59 ከየት መጣ? መልሱን የሶቪየት ታሪክ ውስጥ አገኘሁት ብዬ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 የሶቪየት ኮሙኒስት ፓርቲ ፕሬዚዲየም አብዛኛው አባል የፓርቲውን መሪ ክሩሽቾፍን ሊያወርድ ተነሥቶ ነበር፤ እሳቸው ጉዳዩን ወደ ማዕከላዊ ኮሚቴው ወስደው ተረፉ። በ1964 ያው ኮሚቴ አወረዳቸው፤ ለሕዝቡ የተነገረው ግን በዕድሜና በጤና ምክንያት ለቀቁ የሚል ነው። እንዲህ ባለ ፓርቲ ውስጥ እውነተኛ ምርጫ የለም ማለት ስሕተት ነው። አለ፤ የሚሆነው ላዩ ሲሰነጠቅ፣ በዝግ በር፣ በጥቂቶች መካከል ነው። በእኛው በ1993 ዓ.ም. ህወሓት ለሁለት ሲከፈልም የሆነው ይኸው ነው። የመጋቢት 2010 ስብሰባ የዚያ ዓይነት ነበር፤ የመስከረሙ ደግሞ ስንጥቁ የሚሸፈንበት። ስለዚህ 108 እውነተኛ ዜና ነው፤ 176 መግለጫ ነው።

ታዲያ አንድ ድምፅ መሆን ሁልጊዜ ያጠራጥራል? እንዲህ ብዬ ልደመድም ስል የምኖርባት ከተማ ከለከለችኝ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ነገር የሚያልቀው በስምምነት ነው፤ እጅ አይቆጠርም። ነገር ግን ተቃዋሚው እስኪሰማ፣ ተከራካሪው እስኪረታ ወይም እስኪረታለት ድረስ ጉዳዩ ያድራል፣ ይከርማል፤ ይህም ሁሉ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰው እየሰማ ነው። ሴቶችና የእጅ ባለሙያዎች በዚያ ጥላ ሥር የነበራቸው ቦታ ጠባብ እንደነበር አልዘነጋም። ቢሆንም ከሶንጎ የሚወጣው አንድ ቃል ከአዳራሹ 176 የሚለየው፣ የተሸነፈው ሐሳብ ምን እንደነበር ሁሉም ማወቁ ነው።

ይህንን መለኪያ በራሳችን ሕዝበ ውሳኔ ላይም ሞከርኩት። ኅዳር 10 ቀን 2012፣ የኢሕአዴግ ምክር ቤት ብልጽግናን የፈጠረውን ውህደት ባጸደቀበት በዚያው ሳምንት፣ ሲዳማ የራሱ ክልል ይኑረው ወይስ በደቡብ ክልል ይቆይ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጠ፤ የክልልነት ምልክት የነበረውን ሻፌታን የመረጠው 98.51 በመቶ ነበር። ይህም ቁጥር ወደ ሙሉ የተጠጋ ነው። ግን ጥያቄው ለዓመታት በአደባባይ ሲነገር የኖረ ነው፤ በግንቦት 1994 ሎቄ ላይ ስለዚህች ከተማ ዕጣ ሊጠይቁ በሰላም የወጡ ሰዎች ተገድለውበታል። ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው በደቡብ ክልል የመቆየት ምልክት የነበረውን ጎጆን ሊመርጥ ያሰበው የከተማው ነዋሪ፣ በዚሁ ጥያቄ በተነሣው የሐምሌ 2011 ግጭት የፈሰሰው ደም ገና ሳይደርቅ፣ ሐሳቡን ጮክ ብሎ ለመናገር ምን ያህል እንደደፈረ ነው። በዚህ በኩል የእኛም ሶንጎ ጎዶሎ ነበር።

ስለዚህ አሁን የምፈልገው ሌላ ቁጥር አይደለም፤ የመጋቢት 2010ን ቃለ ጉባኤ ነው። ያ ስብሰባ ቀናት የወሰደ፣ አገር እስትንፋሱን ይዞ የጠበቀው ነበር። 59ኙ ሰዎች ሽፈራውን ሲመርጡ ምን ፈርተው፣ ምን ተስፋ አድርገው ነበር? 108ቱስ ምን ብለው መለሱላቸው? ኢሕአዴግ ፈርሷል፤ የሚጠብቀው ምስጢር የለውም። ሰነዱ በማንም እጅ ይሁን፣ ይታተምና እናንብበው።