ሰጎን ጥበብ ጎድሏታልን?

በመጽሐፈ ኢዮብ በ39ኛው ምዕራፍ፥ መከራ የጸናበት ጻድቅ የሥቃዩን ምክንያት ጠይቆ መልስ በሚጠብቅበት ሰዓት፥ እግዚአብሔር ስለ ኃጢአትና ስለ ጽድቅ ከመናገር ይልቅ የዱር አህያን፥ ጎሽንና ሰጎንን እያነሣ መልሶ መጠየቁ፥ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ካሉት እጅግ አስደናቂ ምሥጢራት አንዱ ነው። ልጆቹን ቀብሮ በአመድ ላይ ለተቀመጠ ሰው የአራዊት ጠባይ ምን ይረባዋል? ለእኔ ግን የተጠሩት እንስሳት እነማን እንደሆኑ አስተውሎ ለሚመለከት፥ የመልሱ ኃይል በምርጫቸው ላይ ያለ ይመስለኛል።

ኢዮብ ከሀብቱ የቈጠራቸው፥ በኋላም ያጣቸው በሬ፥ በግና ግመል አልተጠሩም፤ ፈረስ እንኳ የተነሣው ስለ አገልግሎቱ ሳይሆን በጦርነት መካከል ስላለው ድፍረት ነው። የተጠሩት ቀንበር ያልለመዱት ናቸው። የቤት አህያ ለሺሕ ዓመታት ሸክም ሲሸከም፥ የዘሩ ምንጭ የሆነው የአፍሪካ የዱር አህያ ዛሬም በደንከል በረሃ የነጂ ድምፅ ሳይሰማ ይኖራል፤ የአፍሪካ ጎሽም ትከሻው ከበሬ የበረታ ሲሆን ለማዳ አድርጎ ያረሰበት ሕዝብ የለም።

ስለ ሰጎን የተነገረው ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ እንቁላሏን በምድር ላይ የምትተው፥ በጫጩቶቿም ላይ የእርሷ እንዳልሆኑ ያህል የምትጨክን፥ ጥበብ የተነፈገች ተብላለችና። ይህ ቃል የመንገደኛ ዐይን የሚያየውን በትክክል የሚገልጽ ነው። ብዙ ሴቶች ሰጎኖች ወንዱ በጫረው በአንድ ጎድጓዳ ስፍራ እየመጡ ስለሚጥሉ፥ መታቀፍ እስኪጀመር ድረስ እንቁላሉ ለብዙ ቀናት ሽፋን ሳይኖረው በፀሐይ ላይ ይታያል። ነገር ግን የቅርፊቱ ንጣት ለጠላት ዐይን ቢያጋልጠውም፥ የፀሐዩን ትኩሳት እየመለሰ በውስጡ ያለውን ሕይወት ከመቃጠል ይጠብቀዋል፤ ጊዜው ሲደርስም ቀን ቀን አፈር የሚመስል ላባ ያላት ዋናይቱ ሴት፥ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጥቁሩ ወንድ እየተፈራረቁ 42 ቀን ያህል ይታቀፉታል። ከዚህም የሚበልጥ አለ። ብሪያን በርትራም የተባለ የእንስሳት ሊቅ በኬንያ ተከታትሎ እንዳረጋገጠው፥ ዋናይቱ ሴት የራሷን እንቁላል ከባልንጀሮቿ ለይታ ታውቃለች፤ ቍጥሩ ከዐቅሟ በላይ ሲሆን የሌሎቹን ወደ ዳር ትገፋለች፤ ከበታቿ የቀረውን ግን የባዕድ ቢሆንም አትነፍገውም። የገዛ ልጇን እንደ ባዕድ ታያለች የተባለችው ወፍ የባዕድን ልጅ እንደ ገዛ ልጇ ትታቀፋለች!

የእኛ አባቶች በዚችው ወፍ ላይ ተቃራኒውን ትርጓሜ ሰጥተዋል። ሰጎን ዐይኗን ሳትነቅል እየተመለከተች እንቁላሏን ትፈለፍላለች፥ ዐይኗን ካነሣች ግን ይበላሽባታል በሚለው ትውፊት መሠረት፥ የሰጎን እንቁላል በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ በመስቀሉ ጫፎች ይሰካል፤ በዚህም ፈጣሪ ዓለምን የሚጠብቀው ሳያንቀላፋ መሆኑን፥ ምእመንም በጸሎት ሰዓት ሕሊናውን ሊበትን እንደማይገባው ያስተምራል። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም አራዊትን የሚተረጕመው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ትርጓሜ በሙሉ ልብ አከብረዋለሁ፤ ይሁን እንጂ በቸልታዋ የሚወቅሳትም ሆነ በትጋቷ የሚያመሰግናት ሰው፥ ሁለቱም የሚፈልጉት ለራሳቸው የሚሆን ትምህርት ነው። የኢዮብ መጽሐፍ ግን ጥበብ መነፈጓን ከተናገረ በኋላ ወደ ተግሣጽ አይሄድም፤ ለሩጫ በተነሣች ጊዜ በፈረሱና በፈረሰኛው ላይ እንደምትስቅ መስክሮ፥ በክብሯ ያሰናብታታል።

መብረር አለመቻሏንም እንደ ጉድለት የምንቈጥረው ሌሎቹን ወፎች መለኪያ አድርገን ነው። የበረራ ጡንቻ የሚያያዝበት ሸንተረር በደረት አጥንቷ ላይ የለም፤ ክብደቷም ከ100 ኪሎ ይበልጣል። ከወፍ ሁሉ በእርሷ ብቻ የሚገኘው ባለ ሁለት ጣት እግር ግን በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ያስሮጣታል፤ ክንፎቿ በሩጫ መካከል ሚዛን ይጠብቁላታል፥ ለጫጩቶቿም ጥላ ይሆናሉ። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዐይኗ ከአንጎሏ ይበልጣል፤ ይህንም ሰዎች ለሞኝነቷ ማስረጃ አድርገው ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ። ነገር ግን በገላጣ ሜዳ ላይ ሣር ከሚግጡ አራዊት ጋር አብራ ስትሰማራ፥ እነርሱ በጆሮና በአፍንጫ ሲጠብቁ እርሷ ከረጅም አንገቷ ላይ ጠላትን ከሩቅ ታያለች። ፍጥረት ጎደለ የሚባለው ለተፈጠረበት ሕይወት የሚያስፈልገውን ባጣ ጊዜ እንጂ፥ እኛ የምንመኘውን ስላላገኘ አይደለም።

በኦሪት ዘፍጥረት ሰው በእንስሳት ላይ ሥልጣን መቀበሉን አልዘነጋሁም። ሆኖም ያን ሥልጣን የሰጠው ራሱ እግዚአብሔር፥ የዱር አህያን ከእስራት የፈታና ጨዋማውን ምድር ማደሪያ አድርጎ የሰጠው እርሱ መሆኑን ለኢዮብ ነግሮታል። ዛሬ በደንከል ሰው በጠመንጃ እያደነው፥ ከብቱም ሣሩንና ውኃውን እየተሻማው የዚህ እንስሳ ቍጥር እጅግ አንሷል፤ ያን ማደሪያ ለመንጠቅ የዘፍጥረትን ቃል የሚጠቅስ ቢኖር፥ ሥልጣኑ የተሰጠው ሰጪው ራሱ ያጸናውን ርስት ለማፍረስ እንዳልሆነ ከኢዮብ መጽሐፍ ሊረዳ ይችላል።