ጥርስን ማቃናት ትዕቢት ነውን?

በዛሬው ጽሑፋችን ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙዎቻችንን የሚነካ ጥያቄ እናነሣለን። ይኸውም፦ ፈጣሪ በሰጠን ጥርስ ላይ ሽቦ አሳስሮ ማቃናት ተገቢ ነውን? ወይስ ከንቱ የመልክ ፍቅር ነው?

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቅ። የጥርስ ሐኪሙ በየጥርሱ ላይ ትንሽ ብረት ያጣብቅና ቀጭን ሽቦ ያሳልፍበታል። ሽቦው ጥርሱን በዝግታ ሲገፋው፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ በቀስ እየተመጠጠ ቦታ ይለቃል፤ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይተካል። ስለዚህ ሥራው ችኮላ አይወድም፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ሐሳቡም የትናንት አይደለም። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጥርስን በጠፍጣፋ ብረት አስሮ ስለ ማቃናት ጽፏል።

ሽቦ ያሰረ ሰው ኑሮው ይለወጣል። ሽቦው በከረረ ቁጥር ለጥቂት ቀናት ጥርሱን ያመዋል፤ ጉንጩንም ከውስጥ ይልጠዋል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የምንወደው የበቆሎ ጥብስ፣ ቆሎና ሸንኮራ ብረቱን ሊያላቅቁበት ስለሚችሉ፣ በእነርሱ ፈንታ በደንብ የበሰለ ንፍሮ፣ በሶና ገንፎ ይሻሉታል። የወይራ መፋቂያ ብቻውን ከሽቦው ሥር ስለማይደርስ ከምግብ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት አለበት። ሐኪሙም በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ያስፈልጋል፤ ይህን ሙያ የተማሩት ግን በአመዛኙ የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከዚያ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንዳንዶች «እንደ ተፈጠርን መኖር ይበቃናል» ይላሉ። ይሁን እንጂ የተሰበረ እግር በወጌሻ ሲታሰር ማንም ትዕቢት አይለውም። የተደራረበ ጥርስም ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ለመበስበስና ለድድ ሕመም ያጋልጣል፤ ወደ ፊት የወጣ ጥርስ ደግሞ በመውደቅ ጊዜ ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ለጤና ሲባል የሚደረገው አያከራክርም።

የሚያከራክረው ለመልክ ሲሆን ነው። በዚህ ረገድ እናቶቻችንን እናስብ። በገጠራችን ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት የተነቀሱ እናቶች አሉ፤ ነጩ ጥርስ በጠቆረው ድድ ላይ እንዲያበራ ሕመሙን ታገሡት። ፍንጭት ጥርስም በእኛ ዘንድ የውበት ምልክት ነው፤ በሌላው አገር ግን ያንኑ ክፍተት ለማዘጋት ገንዘብ የሚከፍሉ አሉ። ከዚህ የምንረዳው የጥርስ ውበት በአብዛኛው ተመልካች የሚያወጣው ስም መሆኑን ነው።

ስም ደግሞ ያቆስላል። «ገጣጣ» እየተባለች ያደገች ልጅ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን አታነሣም፤ ጓደኞቿ ሲዘምሩ ከንፈሯን ገጥማ ትቆማለች። ይህች ልጅ ሽቦ ብትመኝ ትዕቢተኛ ልንላት አይገባም። የምትፈልገው ከሰው በልጦ መታየት ሳይሆን እንደ ሰው አፏን ከፍታ መሳቅ ነው። ጥፋቱም የእርሷ ሳይሆን ስሙን ያወጡላት ሰዎች ነው።

ይሁን እንጂ ወጪውንም መመዘን ይገባል። አባቷ የሚያርስበትን በሬ ቢሸጥ፣ የታናናሾቿም ደብተር ቢጓደል፣ ጉዳዩ የእርሷ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ጤናዋን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ራሷ ሠርታ እስክትከፍል መታገሥ ይሻላል፤ ጥርስ በጎልማሳነትም ይቃናልና።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጥርስን ማቃናት በራሱ ትዕቢት አይደለም። የሚመረመረው ለምን እንደምናደርገውና ዋጋውን ማን እንደሚከፍለው ነው። ከእኛ ከወጣቶች ግን ገንዘብም ሐኪምም የማይጠይቅ ሥራ ይጠበቃል፤ ይኸውም በጓደኛችን ጥርስ ላይ፣ ሽቦ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ የቅጽል ስም አለማውጣት፣ ሌላው ያወጣውንም አለመድገም ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከጥርሳችን በፊት ቀልዳችንን እናቃና።