ጉባኤ ያልተጠራለት ጥያቄ

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ አዘዞ የደረሰ መንገደኛ ዛሬ የሚያየው አውሮፕላን ማረፊያውን፣ የወታደሩን ሰፈር፣ ወደ መተማና ወደ ጎርጎራ የሚለያየውን የመንገድ መገንጠያና በመገንጠያው ዙሪያ የበቀለውን ገበያ ነው እንጂ፣ ይህች ቦታ በአንድ ዘመን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ የተሟገቱባት ስፍራ መሆኗን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት በዚሁ በአዘዞ ነው፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሣው ክርክር ወገን ከወገን ተላልቆ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ጥቂት ወራት ቆይተው ባረፉ ጊዜም የተቀበሩት እዚያው ነው። ዐፄ ፋሲልም ቦታውን ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሰጥተው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብር እንዲሆን ስላደረጉ፣ አዘዞ የተሸነፈው ትምህርት መታሰቢያ መሆኗ ቀርቶ የእጨጌውና የመነኮሳቱ መኖሪያ ሆነች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሊቃውንቱ እምብዛም ያልቆሙበት አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ኖራ አቃጥሎ፣ ከአሸዋ ጋር ለውሶ፣ ድንጋይን ከድንጋይ የማያያዝ ጥበብ ከውጭ በመጡ ሰዎች አማካይነት በአገሩ ተስፋፍቶ ነበር። ሚሲዮናውያኑ በዐፄ ፋሲል ትእዛዝ ሲባረሩ ሃይማኖታቸው አብሯቸው ወጣ፤ ኖራው ግን ቀረ፤ በ1628 ዓ.ም. በተቆረቆረችው በጎንደር ግንብ ላይም እስከ ዛሬ ይታያል። ያን ኖራ ያቦካው፣ ድንጋዩን የጠረበው፣ ጣሪያውን ያዋቀረው እጅ የማን እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው፣ ከሌሎች ጋር የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ብዙ እንደ ደከሙበት ሲነገር ይሰማል። ነገሥታቱ በግንቡ ተቀመጡበት፤ ሊቃውንቱ በግንቡ ውስጥ ጉባኤ ዘርግተው ስለ ቅባትና ስለ ተዋሕዶ ቀንና ሌሊት ተከራከሩበት፤ ነገር ግን በእጁ የሚሠራ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ከሚያነበውና ከሚጽፈው ሰው ያነሰ ነውን ብሎ ጉባኤ የጠራ ንጉሥም እጨጌም አልነበረም። ጥያቄው በሊቃውንት ሳይመረመር በልማድ ተፈረደበት፤ የፍርዱንም ዕዳ ዛሬ የሚከፍሉት፣ ያኔ ያልነበሩት ልጆቻችን ናቸው።

ለዚህ ምስክር የሚፈልግ ሰው መስከረም ሲጠባ በማለዳ በአዘዞ መገንጠያ ይቁም። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ለአጨዳ የሚደርስበት ወራት ስለ ሆነ፣ ብርድ ልብሳቸውን በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለሉ ወጣቶች መኪና እየጠበቁ ተኮልኩለው ይታያሉ። ከነዚህ አንዱን፣ የዲፕሎማውን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ የያዘውን፣ አነጋግሬው ነበር። በተማረበት ሙያ ሥራ አላገኘም፤ አጎቱ በሰፈሩ ብረት ቤት ከፍቶ ና እያገዝኸኝ ተማር ቢለው እንቢ ብሎታል። የቆላውን ሐሩርና ወባውን ያልፈራህ የአጎትህን መዶሻ ለምን ፈራህ ብዬ ብጠይቀው፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ፣ እዚያ የሚያውቀኝ የለማ» አለኝ። ማጭዱን የሚጨብጠው እጅና መዶሻውን የሚጠየፈው እጅ አንድ እጅ ነው፤ የተለየው የሚያየው ዐይን ብቻ ነው።

ይህን መልስ በሰማሁ ጊዜ ያሰብሁት ስለ ቆሎ ተማሪ ነው። እርሱም እንደዚህ ልጅ ከቀዬው የሚወጣው ማንም ወደማያውቀው አገር ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መመከቻ በትር ይዞ፣ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ተሻግሮ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ ወጥቶ፣ ለትርጓሜ ከመጻሕፍት መምህር እግር ሥር ተቀምጦ፣ በማርያም ስም የለመነውን ቁራሽ በጎጆው በልቶ፣ በጭራሮ ብርሃን ሲቀጽል ያድር ነበር። ያ ልጅ ለምኖ ይማር ነበር፤ ይህ ልጅ ተምሮ መሥራት ያፍራል። ያኛው በልመናው ያላፈረው ልመናውን የሚያከብርለት ሥርዐት ስለ ነበረው ነው፤ ባላገሩ ለተማሪ የሰጠውን ቁራሽ ለነፍሱ ስንቅ ይቈጥረው ነበርና። ለዘመናዊው ተማሪ ግን ያን ሥርዐት አፍርሰን በምትኩ ሌላ ሥርዐት አልሠራንለትም፤ ከአሮጌው ቤት ያወረስነው የእጅ ሥራን ንቀት ብቻ ነው።

ስለ አሮጌው ትምህርት ቤት አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈቅድም። በየኔታ ጉባኤ የሚቀመጠው የትግሬው፣ የአገው፣ የላስታው፣ የሸዋው ልጅ፣ ሁሉም የሚማርበት ግእዝ ለአንዱም የእናቱ ቋንቋ አልነበረም፤ ስለዚህ በዚያ ጉባኤ ማንም ባለቤት፣ ማንም እንግዳ አልነበረም፤ ሁሉም እኩል ተቸግሮ፣ እኩል ተገሥጾ፣ በችሎታው ብቻ ይበልጥ ነበር። ብዙ ቋንቋና ብዙ ነገድ ያለው ሕዝብ ልጆቹን በአንድነት ሊያስተምር የሚችልበት አንድ መንገድ ይህ መሆኑን ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው በወገን በወገን ተከፍለን ስንናጭ ብናስታውሰው ይጠቅመናል። ነገር ግን ያ ጉባኤ ወሰን ነበረው። በጎንደር የእስላሞች ሰፈር የሆነው የአዲስ ዓለም ልጅ ቁርዓኑን ከሼኹ ዘንድ ለብቻው ይማር ነበር፤ ከ1660 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ ወዲህማ መኖሪያው ራሱ ከክርስቲያኑ መኖሪያ እንዲለይ ተደርጎ ነበር። ቤተ እስራኤሉም፣ ቅማንቱም በየበኩሉ ይኖር ነበር። የተለያየው ደግሞ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ ሥራም ነበር። ሽመናውና ንግዱ ለአንዱ፣ ብረቱና ሸክላው ለሌላው ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ፣ ስድቡ በሥራው ላይ የወደቀ ይምሰል እንጂ የወደቀው በጎረቤት ላይ ነበር። ስለ ወጣቶች ሥራ ማጣትና ስለ ሕዝቦች መቃቃር የምንናገረውን በሁለት መዝገብ የምንጽፈው በከንቱ ነው፤ ሥሩ አንድ ነውና።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ እንግባ፤ ንቀቱ በሃይማኖት ስም ስለሚኖር የሚፈርሰውም በሃይማኖት ነውና። ሙሴ ደብተራ ኦሪትን እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ፣ መጽሐፍ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ መላበት የሚመሰክርለት ሰው ባስልኤል ነው፤ እርሱም ወርቅና ናስ የሚሠራ፣ ዕንቍ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ አንጥረኛ እንጂ ጸሐፊ አልነበረም። ጌታ በናዝሬት ያደገው በጠራቢ ቤት ነው። ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር ኦሪትን የተማረ ሊቅ ሲሆን በማንም ላይ እንዳይከብድ ድንኳን ይሰፋ ነበር። የመነኮሳት አባት እንጦንስ በጸሎትና በእጅ ሥራ መካከል እየተመላለሰ እንዲኖር በራእይ እንደ ተማረ፣ ጳኵሚስም ለማኅበሩ ሥራን ሕግ አድርጎ እንደ ሠራ መጻሕፍቱ ይነግሩናል። እነዚህን መጻሕፍት በአዘዞ የተቀመጡት መነኮሳት አያውቋቸውም ነበር ማለት አይቻልም፤ ያነቧቸው፣ ይተረጕሟቸውም ነበር። ምስክሩ በእጃቸው ሳለ ፍርዱ ለምን በልማድ እንደ ተሰጠ ማሰብ ያሳዝናል።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደነግጠኝ በመቅደስ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ለቍርባን የሚሆነው ስንዴ የበቀለበትን መሬት የገመሰው ማረሻ በቀጥቃጭ እጅ የተሳለ ነው፤ ጻሕሉና ጽዋዑ፣ መስቀሉና ጽናጽሉ ከከሰል እሳትና ከወናፍ የወጡ ናቸው፤ መጋረጃውን የሸመነው ሸማኔ ነው፤ ወንጌሉ የተጻፈበት ብራናም በእጅ ተፍቆ የለሰለሰ ቆዳ ነው። ብራና ሲዘጋጅ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ የፍየሉ ቆዳ ታጥቦ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ደርቆ ጠጕሩ ይላጫል፤ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ ከዚያ በወስፌ ተሰምሮ፣ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለምና ከመቃ በተቀረጸ ብርዕ ይጻፋል። ቁም ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ ራሱ ያደርገዋል፤ በእርሱ ዘንድ እጅና ፊደል ከቶ አልተለያዩም። ከጎንደር ብዙ በማይርቀው በእንፍራዝ ተጻፈ የሚባለው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታም፣ ደራሲው ማን ስለ መሆኑ ሊቃውንት ዛሬም ቢከራከሩበት፣ ፈላስፋውን የሚያሳየን መዝሙረ ዳዊት እየጻፈ በእጁ ድካም የሚኖር አድርጎ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ደግሞ ወጣቶች የእጅ ሥራ እንዲማሩ አጥብቆ ይመክራል።

ይህን ስናገር ከመጻሕፍት ቤት የሚነሣብኝን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ዕውቀት ለነፍስ ነው፤ ለእንጀራ የተማረ ሰው እንጀራው ሲገኝ ትምህርቱን ይተዋል፤ ትምህርት ቤቱም ገበያ ይሆናል ይሉኛል። እውነት ነው፤ ዛሬ ወረቀት ብቻ ተፈልጎ የሚገባበትን ትምህርት ቤት ያየ ሰው ይህን አይክድም። ነገር ግን ተቃውሞው የሚነካው ትምህርትን በደመወዝ የሚለካውን እንጂ ሥራን የሚያከብረውን አይደለም። ብረት ሲግል ቀለሙን አይቶ መቼ እንደሚመታ የሚያውቅ ሰው ያለው ነገር ዕውቀት ነው፤ ትዕግሥትን፣ እውነትን፣ ልክን ያስተምራል፤ በውሸት የተመታ ማረሻ በመጀመሪያው ትልም ይሰበራልና። ይህን ዕውቀት ከነፍስ የሚለይ መምህር ነፍስን ከሥጋ አለያይቶ የሚያስተምር ይሆናል፤ ስለ ተዋሕዶ ያን ያህል የተሟገተች ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንዲህ ሲያስተምር ማየት ይከብዳል።

ንቀቱን ማስቀረት በዐዋጅ ብቻ እንደማይፈጸም ታይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ የሚሠራበት የብረት ሥራ አቋቁመው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከአውሮፓውያኑ እንዲማሩ አደረጉ፤ ከመድፉ በኋላ ግን ትምህርቱ አልቀጠለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲከለከል አወጁ፤ ስድቡ ከዐዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። የተሻለ ውጤት ያየሁት በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጀመረው ሥርዐት ነው። በዚያ ኮሌጅ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒቴሪያኑ አንድ ላይ ሠልጥነው፣ አንድ ላይ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር፤ የተማረው ልጅ ከገበሬው ጋር ምንጭ ሲያጐለብትና የመጸዳጃ ጕድጓድ ሲያስቈፍር በባላገሩ ዘንድ ክብሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ዛሬ ያ ኮሌጅ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ያ ሥርዐት ለግንበኛው፣ ለብረት ሠሪውና ለሸማኔውም ቢደርስ ምን ይሆን ነበር ብዬ እመኛለሁ።

ወለቃን ያየ ሰው ንቀቱ በሸክላው ላይ እንዳልነበረ ያውቃል። ከጎንደር በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ዳር ያለችው ያቺ መንደር የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ነዋሪዎቿ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ጥቁሩን ሸክላና ትንንሾቹን የጭቃ ምስሎች መሥራት ብዙውን ጊዜ የያዙት የክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ትናንት ሠሪዎቹን ዐይናቸው ይበላል ብለው ይሸሹ የነበሩ ሰዎች ልጆች ዛሬ ጭቃውን አቡክተው፣ በእሳት ተኩሰው፣ በመንገድ ዳር ደርድረው ይሸጣሉ፤ ማንም ቡዳ አላላቸውም። ሥራው ያው ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ።

ስለዚህ ያ ያልተጠራው ጉባኤ ይጠራ እላለሁ፤ ቦታውም አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ይሁን። የመጻሕፍት መምህሩ ይምጣ፤ የአዲስ ዓለሙ ሼኽ ይምጣ፤ የቴክኒክና ሙያ አስተማሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔውም ከታች ሳይሆን ከጎን ይቀመጡ። ስለ በጀትና ስለ ሥራ ፈጠራ የሚነገረው ሁሉ ወደ ኋላ ይቆይና ለሊቃውንቱ አስቀድሞ ይህ ይቅረብ፦ ጽዋዑን የቀጠቀጠው ሰው ለልጁ የካህኑን ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ቢልክ፣ በዚያው ጽዋዕ የሚቀድሰው ካህን ሽማግሌዎቹን ምን ብሎ ይመልሳቸዋል?