የተቀደደው ገጽ

መጽሐፍ መቅደድ ነውር ነው እየተባልሁ አድጌአለሁ። ፊደል የቈጠርሁባት መጽሐፍ ከመሬት ብትወድቅ አንሥቼ መሳም ነበረብኝ። ስለዚህ ቤቲ ቶምኪንስ የተባለች አሜሪካዊት ሠዓሊ ከሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ገጽ እየገነጠለች፥ በታተሙት ሥዕሎች ላይ በሮዝ ቀለም ቃላት እንደምትጽፍ ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ቍጣ ነበር። የምትጽፋቸው ቃላት ብዙዎቹ የራሷ አይደሉም። በ2002 እና በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ስለ ሴት የሚነገረውን ቃል ላኩልኝ ብላ ብዙ ሰው ጠይቃ፥ የመጣላትን ስድብም ሙገሳም ሰበሰበች። ያ ቃል አሁን በሥዕሉ ላይ ያለችውን ሴት እንደ ልብስ ይሸፍናታል።

ቍጣዬ የበረደው የእነዚህን መጻሕፍት ጠባይ ሳስብ ነው። ጎምብሪክ በ1950፥ ጃንሰን በ1962 ያሳተሟቸው ሁለት ታላላቅ የሥነ ጥበብ ታሪኮች በዓለም ሁሉ ተማሪዎች የተማሩባቸው ናቸው፤ በመጀመሪያ ዕትማቸው ግን አንዲት ሴት ሠዓሊ እንኳ የለችም። በጃንሰን መጽሐፍ ሴቶች የገቡት እርሱ ከሞተ በኋላ ልጁ በ1986 ባሻሻለው ዕትም ነው። እኔም ከሁለቱ አንዱን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ሴቶቹ የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅሁም። ታዲያ የጸሐፊውን ዝምታ ስወቅስ የአንባቢውን ምን ልበለው?

ሜሪ ቤት ኤደልሰን ደግሞ በ1972 ሊዮናርዶ ዳቪንቺ የሳለውን የመጨረሻውን እራት ኅትመት ወስዳ፥ በክርስቶስና በሐዋርያት ፊት ላይ በዘመኗ የነበሩትን ሴት ሠዓሊዎች ፎቶግራፍ ለጠፈች፤ በመካከል በጌታ ስፍራ ጆርጂያ ኦኪፍን አኖረች። እውነቱን ለመናገር ይህ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። የተረሳውን ለማክበር ሌላው የሚያከብረውን መንካት ግድ ነበርን? እንጃ።

ነገር ግን ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የዩዲት ላይስተርን ነገር ስማ። በሆላንድ አገር በሐርለም ከተማ በ1609 ተወለደች፤ በ1633 ወደ ሠዓሊዎች ማኅበር ገባች። ላይስተር ማለት መሪ ኮከብ ማለት ነውና፥ ሥዕሏን ስትጨርስ የስሟን ፊደላትና አንዲት ኮከብ ታኖርበት ነበር። በ1660 ከሞተች በኋላ ስሟ ጠፋ፤ ሥዕሎቿም የፍራንስ ሐልስ ናቸው ተብለው ተሸጡ። በ1893 ሆፍስቴዴ ደ ግሮት የተባለ ሊቅ፥ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የሐልስ ነው ብሎ የያዘውን ሥዕል ሲመረምር፥ ከሐሰተኛው ፊርማ ሥር የእርሷን ምልክት አገኘ። ከሞተች 233 ዓመት ሆኗት ነበር!

እንግዲህ ሁለቱም በሰው ሥራ ላይ ጽፈዋል። ቶምኪንስ በፀሐይ፥ በገዛ ስሟ፥ ሺህ ቅጂ ካለው መጽሐፍ አንድ ገጽ ወስዳ ጻፈች። ያ የማናውቀው ሰው ግን ምትክ በሌለው ሥዕል ላይ በስውር የሌላ ሰው ስም ጻፈ። የመጀመሪያውን አይቼ ተቈጣሁ፤ ሁለተኛውን ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል የተቈጣበት አልነበረም።

እኔስ? አክስቴ መሶብ ትሰፋለች፤ የቀለሙን አደራረግ ከራሷ ልብ እያወጣች ነው እንጂ ከማንም አትቀዳም። አንድ ቀን ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ቤታችን ገብቶ መሶቧን ቢያደንቅ አንሥቼ ሰጠሁት። «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፥ «የአገራችን ሥራ ነው» አልሁት። አክስቴ ቡናውን ይዛ በስተኋላዬ ቆማ ነበር፤ ምንም አላለችም። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ወደ እርሷ ሄጄ፥ «ስምሽን ልጻፈው?» ብዬ አስፈቀድኋት። ከስፌቷ ቀና ሳትል፥

«ያን ጊዜ ነበር እንጂ፥ ልጄ» አለችኝ።