ሰበብ ከውሳኔ በኋላ ይመጣል

ጅብ ከወንዙ ራስጌ፣ አህያ ከግርጌ ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። ጅብ ቀና ብሎ «ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» ይላታል። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ አህያም ታውቃለች፣ ጅብም ያውቃል። ስለዚህ ክርክር አልገጠመችውም። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

ይህን ተረት የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉልበተኛ በደካማ ላይ ሰበብ ሲፈልግ ነው። አከራይ ቤቱን ለሌላ ሊሰጥ ቆርጦ «ውሃ አበዛችሁ፣ እንግዳ አበዛችሁ» ሲል ተከራዩ ይተርታታል። የአህያዋ ብልኅነት ግን ከዚህም ይሰፋል። እሷ የተረዳችው የነገሩን ቅደም ተከተል ነው፦ ጅቡ ሊበላት የወሰነው አስቀድሞ ነው፤ ውሃው የደፈረሰው ከውሳኔው በኋላ ነው።

በገዛ ሕይወታችንም እንዲሁ ነው። የማታ ትምህርት ገብታ 12ኛ ክፍልን ለመጨረስ የምትመኝ አንዲት እናት እናስብ። «ክረምቱ ይውጣ» ትላለች። መስከረም ሲጠባ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል፤ «እነሱ ይረጋጉ»። ገና ያልፍና ሁዳዴ ይገባል፤ «በጾም ጉልበት የለኝም»። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ነው፤ «ለከርሞ ይሻላል»። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ እውነት አለው። ሁሉም ሲደመር ግን ዓመታት ይበላል። አንዱን ብታስወግዱላት ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ ከሥሩ ያለው ፍርሃት ነውና፦ «ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ብወድቅስ?» መልስ የሚፈልገው ይህ ጥያቄ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንት አባቶችና እናቶች፣ ልጅ በሚሆናቸው ዘማች ፊት ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ዕድሜያቸው አልተቀነሰላቸውም፤ የተሸነፈው እፍረታቸው ነው።

ሰበብን ስለማሸነፍ ሲነሳ የአበበ ቢቂላ ስም መነሳቱ አይቀርም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን የቀረቡለት ጫማዎች አልተመቹትም። በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። «ጫማ አልተመቸኝም» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? ነገር ግን ድፍረቱ በዚያች ሰዓት የተፈጠረ አልነበረም፤ በባዶ እግር መሮጥን አገሩ ሳለ ተለማምዶታል። ሰበቡን ያሳጣው ልምምዱ ነው። ቶኪዮ ላይም ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር፤ ሆኖም በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ድሉን ደገመው።

ታዲያ ምክንያት ሁሉ ሰበብ ነው ማለት ነው? ከቶ አይደለም፤ ለዚህም የዚሁ ሰው ታሪክ ምስክር ነው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የታመመ እግሩን ይዞ ሩጫውን ጀመረ፤ ነገር ግን ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ለማቋረጥ ተገደደ። ወርቁን ያመጣው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነበር። አበበን ሰበበኛ የሚለው ማነው? በዚያው ዓመት የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን፣ ሩጫን የሚከለክል ምክንያት ከዚህ በላይ አይመጣም። እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፤ እንግሊዝ አገር ሄዶም ተወዳደረ። እውነተኛ ምክንያት አንዱን በር ቢዘጋም ሌላውን እንድንፈልግ ያደርጋል። ሰበብ ግን በሩ ክፍት ሆኖም ያስቀምጠናል።

ተረቱን በሰው ላይ ስንጠቀምበትም መጠንቀቅ ይገባል። ትምህርት ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ለሚርቃት፣ ወይም የቀን ሥራ ካጣ ቤተሰቡ ጦሙን ለሚያድር ሰው «አታመካኝ» ማለት ግፍ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ከምክር ይልቅ መንገዱን ማቅናት ይቀድማል። ሰበብን ከእውነተኛ ምክንያት የምንለይበትን ፈተና መጀመሪያ ለራሳችን እናቅርበው።

ፈተናው ደግሞ ቀላል ነው። «ይህ ችግር ዛሬ ቢወገድልኝ ነገ እጀምራለሁ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ጉልበታችንን እሱን በማስወገድ ላይ እናውል፣ የሚረዳንም ሰው እንፈልግ። መልሱ «እንጃ» ከሆነ ግን ከሰበቡ ጋር መከራከሩን ትተን የፈራነውን ነገር ስሙን እንጥራው፤ ለምናምነው ሰውም እንንገረው። ከዚያ የመጀመሪያዋን ትንሽ ሥራ፣ ምዝገባዋን፣ ስልክ መደወሏን፣ አንድ ገጽ ማንበቧን፣ ፍርሃቱ እያለ እንሥራት። ፍርሃት ብዙውን ጊዜ የሚለቀን ከጀመርን በኋላ ነው፤ እስኪለቀን ከጠበቅን ግን ዕድሜያችን ያልቃል።