ስለ ከተማ ነገረ ፈጅ

ከተማ ሲሰፋ የሚነካው ባዶ ስፍራ አይደለም፤ የሰው ማሳ ነው። በቆቦና በአላማጣ መካከል በዋናው መንገድ ላይ ያለችውን ዋጃን ያየ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ የቤቱ መደዳ ሲያልቅ ማሽላው ይጀምራልና። የገበያ ወይም የመንገድ ፕላን በተነደፈ ጊዜ መስመሩ በማሽላው ላይ ያልፋል፤ ባለማሳውም ይከሳል። ስለ ከተማው ቆሞ የሚሟገት ነገረ ፈጁ ነው። የሚሟገተውም፥ ማሳው ወደ ክልሉ በገባ ጊዜ፥ ነገ የከተማው ነዋሪ ከሚሆን ሰው ጋር ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድ ንብረት ግን ካሳው በቅድሚያ እንዲከፈል ያዝዛል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ በካሳው ልክ ላይ ይወድቃል። የ1997 ዓ.ም. አዋጅ የአምስት ዓመት ገቢን አማካይ በዐሥር ያባዛ ነበር፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ግን፥ ምትክ መሬት ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ ከሦስቱ ዓመት የበለጠውን ገቢ በዐሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ይህ በእውነት የተሻለ ነው።

ነገር ግን የራያ ቆላ ማሽላ በሰማዩ ዝናብ ብቻ አይበቅልም፤ ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ጎርፉ የቀረ እንደ ሆነ አዝመራው ይቀራል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በቆቦ አካባቢ ውጊያ እንደገና ተነሣ። ሦስቱም ዓመት ክፉ ለሆነበት ሰው፥ ከክፉዎቹ የተሻለውን ቢመርጡለት ምን ይጠቅመዋል? ነገረ ፈጁ ይህን ያውቃል። ዝም ቢል ከተማው ይረታል፤ ሕግም አልተጣሰም።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የናቡቴ ነገር የቅሚያ ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። ይሁን እንጂ አክዓብ አስቀድሞ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ አቅርቦ ነበር። ኋላም ግፉ የተፈጸመው በሸንጎ ነው፤ ደብዳቤው ታተመ፥ ሽማግሎች ተቀመጡ፥ ሁለት ምስክሮች ቆሙ። ከሥርዐቱ የጎደለ የለም፤ የጎደለው እውነቱን እያወቀ አፉን የሚከፍት ሰው ነው።

የከተማው ገንዘብ የነገረ ፈጁ አይደለምና ከእርሱ ቸርነት አይጠበቅም፤ በሰው ኪስ መለገስ ሌላ በደል ነው። እውነትን መደበቅ ግን ከሹመቱ ጋር አልተሰጠውም። ጊዜውም ችሎት ከመቅረቡ በፊት፥ ግምቱ በሚሠራበት ዕለት ነው። ያን ዕለት ስለ ቀረው ጎርፍና ስለ ውጊያው በገማቾቹ መዝገብ ላይ ማስጻፍ ይችላል። ነገሩ ከዳኛ ፊት ሲደርስ ማሽላው ተነሥቶ፥ ጎርፍ የሚመልሰው ቦይም ተደልድሎ ይቆያል።